ምራት የማትለው

ኅዳር 2

...ከዚያ አባቴ ቆዳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እጁን ሲዘረጋልኝ፣ መብሻውን ነበር የጠየቀኝ ወይስ መስፊያውን? እጁን አየዋለሁ። የተዘረጋ እጅ። አንድ ነገር አቀበልኩት፤ የሰጠሁት ግን የተጠየቅኩትን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያለው የለም። ተቆርጧል።

ዛሬ ምን አስታወሰኝ? ሥራው ይሆናል። ቀኑን ሙሉ መ፣ መ፣ መ ስል እውላለሁ። መፋቂያ። መጭመቂያ። መቅበሪያ። ቃሉ ራሱ ዘመዱን ይናገራል። ፋቂ ካለ የሚፍቅበት አለ፤ የሚፍቅበት ካለ ተፍቆ የሚወጣ አለ። ሠሪው፣ መሣሪያው፣ ውጤቱ። ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ በክር አያይዛቸዋለሁ። ከአዲስ አበባ የመጣው መመሪያ ክር አላዘዘም። "የእንሰት ሥራ ቃላት በሀዲይኛና በአማርኛ ይሰብሰቡ" ይላል፣ በቃ። ለመሠረተ ትምህርት መጽሐፍ። የክሩ ነገር የኔ ነው። ቃል ከቃል ሲረባ ዝምድናውን ይዞ እንደሚወለድ... ማንም ባያምን እኔ አምናለሁ።

ጠዋት አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ እዚህ፣ ጽሕፈት ቤቱ ጓሮ ያለው ክፍል። የሆሳዕና ጉም በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። እኔና ታይፒስቷ ጵርስቅላ ብቻ ነን።

"ጋሼ፣ አንድ ሴት አገኘሁልዎ" አለችኝ። እንሰት መፋቅ የምታውቅ። ከጃጁራ የመጣች፣ ቡላ ሸጣ የምትኖር።

"ባል አላት?" አልኩ። ባሏ ይከለክላት ይሆን ብዬ ነው።

ከታይፑ ቀና አላለችም። "የላትም።"

ኅዳር 4

ገነቴ ትባላለች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ሊወስዱባት እንደሚመጡ ሁሉ። በሀዲይኛ ጠየቅኳት። በአማርኛ ሳቀች።

"መምህር፣ የእርስዎ ሀዲይኛ ጫማ አድርጓል።"

"እንዴት?"

"ጭቃ አይነካም።"

እውነቷን ነው። ከደብረ ብርሃን መጥቼ እዚህ ስኖር ሰባት ዓመት ሆነኝ፤ ቋንቋውን የተማርኩት ግን ከተማሪዎቼ ነው፣ ከወንዶቹ። ትዳር ያላት ሴት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስለ ሥራዋ አውርታኝ አታውቅም።

እንዴት ያለ አፍ ነው ያላት! ተማሪዎቼ ቆጮን ዋሳ ይሉታል። ከየት እንደረባ የማይታወቅ ደረቅ ቃል። እሷ "የሚጋገረው" እንደማለት ነው የምትለው፤ ከመጋገር አውጥታ። ሌላውንም እንደዚያው፣ ከሥራው። አንዱን ስትነግረኝ ሌላው ተከትሎ ይመጣል። የኔን ክር ማንም ሳያሳያት በአፏ ትፈትለዋለች።

ደስ ብሎኝ ዋልኩ። እንዲህ ደስ ሲለኝ መፍራት ነበረብኝ።

ኅዳር 9

ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። አበራ ዋዴቦ፣ የሀቢቾ ሰው፣ ሰባኪ የነበረ፣ ከእስር ያመለጠ። ሚስቱ ስሟን ለውጣ ተሰውራለች። ያየ ይጠቁም።

"እሷ ከተያዘች እሱ በእግሩ ይመጣል" አለኝ ዘበኛው ተረፈ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚነግረኝ። ሽማግሌው አባቱ ከታሰሩ ቆይተዋል። አንዲት ቃል አልወጣቸውም አሉ።

እሱ ይሰብክበት የነበረው ጸሎት ቤት አሁን የቀበሌ እህል መጋዘን ነው። በሩ ላይ አይጥ ይሮጣል።

ማስታወቂያውን የተየበችው ጵርስቅላ ናት። አንድም ስህተት የለበትም።

ኅዳር 12

ገነቴ ሦስተኛ ጊዜዋ። ዛሬ የገባኝ ነገር አለ። እንዴት እስካሁን አላየሁትም?

የሷን ቃላት በግራ፣ የተማሪዎቼን በቀኝ ደረደርኩ። አብዛኛው አንድ ነው። ውሃን እንደ ሰው ሁሉ ትጠራለች። ቤትን፣ ላምን፣ ወተትን እንደ ሰው ሁሉ። የተለየችባቸውን ብቻ ለይቼ አወጣሁ። ቆጮ፣ ዋሳ። የከተማችን የድሮ ስም፣ ዋቸሞ፤ እሷ "የሚገበይበት" ትላታለች። እግዚአብሔር፣ ዋኣ፤ እሷ "የፈጠረው" ትለዋለች። ሁሉም በዋ ይጀምራሉ። ዋ ባለበት ሁሉ እሷ አዲስ ቃል ታረባለች።

የጃጁራ አነጋገር መሆን አለበት። ድምፁ እዚያ ጠፍቶ ይሆናል፤ ሕዝቡ ክፍተቱን በርቢ ቃል ሞልቶታል። ይህን ማን ጽፎታል? ማንም!

"ገነቴ፣ በናንተ አገር ሁሉም እንዳንቺ ነው የሚናገረው?"

ካርዱን አየች። ማንበብ እንደምትችል ያወቅኩት አሁን ነው፤ ዓይኗ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ። "አዎ፣ ሁሉም" አለች። ነጠላዋን አጣፋች። ቶሎ ሄደች።

ኅዳር 17

የኀሙስ የውይይት ክበብ። ሁልጊዜ ስለ መደብ ትግል ከመጽሐፍ ይነበባል፤ ዛሬ ጓድ ጠና "መምህር ስለ ሥራው ያስረዳን" አለ። ጠና የክበቡ ካድሬ ነው። የዚሁ አገር ልጅ። አማርኛን እየመዘነ ነው የሚናገር።

ካርዶቹን ይዤ ቆምኩ። ፋቂ፣ መፋቂያ፣ ፍቅፋቂ። ሰው አዛጋ። እዚያ ላይ መቀመጥ ነበረብኝ። ደስታዬ ገፋኝ... "ጃጁራ ዋ የሚባለውን ድምፅ አይወድም" አልኩ። "ዋሳ አይሉም፣ የሚጋገረው ይላሉ። ዋኣ አይሉም፣ የፈጠረው ይላሉ።"

ከኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ወንዶቹ በሙሉ። የእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ብሩ ዓይኑን እየጠረገ፣ "መምህር፣ እኔ የጃጁራ ልጅ ነኝ፤ ዛሬ ጠዋት ዋሳ በልቼ ነው የመጣሁ!" አለ።

"ባሊሻ ነው! ባሊሻ!" አለ ሌላው።

"ባሊሻ ምንድነው?" ብዬ ጠየቅኩ። ይህማ ጨረሳቸው። አንዱ ከአግዳሚው ሊወድቅ ነበር።

ሴቶቹ አልሳቁም። ሻሻቸውን ወደ ፊት ሳቡ።

ጠናም አልሳቀም።

"ይህን ማን ነገረህ?"

"በሥራው የምትረዳኝ ሴት።"

"ባል አላት?"

"የላትም።"

"የላትም..." ብሎ ደገመው። የብዕሩን ክዳን ከፈተ፣ ምንም ሳይጽፍ ከደነው። "ለሚመጣው ኀሙስ አምጣት። እንግዳ ናት። ቆጮ እናቀርብላታለን።"

ኅዳር 18

"ጋሼ፣ ምን ብለው ነገሯቸው?" ጵርስቅላ ናት፣ ገና ሳልቀመጥ።

ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

እንዲህ ነው ነገሩ። እዚህ አገር ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትተዋለች፤ በቦታው ከሥራው፣ ከመልኩ ሌላ ታወጣለታለች። ባሊሻ ማለት ይኸው ነው። የጵርስቅላ እናት በ'ላ' የሚጀምር ቃል ሳትናገር ነው ያረጀችው። እዚህ የተወለደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከናቱ ወተት ጋር ይጠባዋል። ደብተር ይዞ የመጣ ብቻ...

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቁኝ?"

"ባል የላትም ብለሽኝ ነበር።"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ ዋን የተወችው ለማን ነው?"

 በመስኮቱ ወደ በሩ አየች። ማስታወቂያው እዚያው ነው፤ ዝናብ አንዱን ጥጉን አላቅቆታል። አበራ ዋዴቦ። የአበራ አባት፣ ዋዴቦ።

"ስሟ ገነቴ አይደለም?"

"እርስዎ ገነቴ ይበሏት።"

ክሩን ስጎትተው ሴት መጣች። በገዛ እጄ ጎትቼ አዳራሽ መሃል አቆምኳት፣ ጠና ፊት። እየተሳቀ።

ኅዳር 22

ገነቴ በጓሮ በኩል መጣች። ጵርስቅላ ደጅ ሆና ትጠብቃለች። 

"አንዴ በይው" አልኳት። "ዋሳ። አንዴ ብቻ። ሳህን ያቀርቡልሻል፣ ይሄ ምንድነው ይሉሻል፣ ዋሳ ትያለሽ፣ ትወጫለሽ። ከዚያ ማንም አይጠረጥርሽም።"

"መምህር ቀላል ያደርጉታል።"

"ቃል ነው እኮ!"

"ቀላል ከሆነ እነሱ ለምን ይህን ያህል ፈለጉት?"

  ወለሉን እያየች፣ ያልጠየቅኳትን...

"ልጅ ሆኜ ነው ያገባሁ። የወለድኩት ሞተ። ሁለተኛውም። ሰው ሁሉ ትመለስ፣ ወደ አባቷ ትላክ አለ። ሽማግሌው ምሰሶውን ተደግፈው ቆሙ። 'ምራቴ ናት' አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ተቀምጠው በሉ።"

"የእግዚአብሔርን ስም እንኳ ለአማትሽ ብለሽ ነው የምትዞሪው?"

ሳቀች። ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው። "ጌታ አይቀየምም። ሽማግሌው ይቀየማሉ።" ሳቁ ሳይቆይ ጠፋ። "አሁን ታስረው አፋቸውን ዘግተዋል። እሳቸው እዚያ ዝም ብለው እኔ እዚህ ልናገር?"

"ከተያዝሽስ?"

"ከተያዝኩ አበራ ይወጣል። ከወጣ..."

አልጨረሰችውም። ግን ቃሉን ልትል ሞከረች፣ ይህን መጻፍ አለብኝ። ከንፈሯን አሾለች። ደረቷ ተነሣ። ምንም አልወጣም። በዚህ ብርድ ግንባሯ አልቦት ነበር። ፊቴን አዞርኩ፤ የሚያይ ሰው መሆን አልፈለግኩም። ምን ነበርኩ ታዲያ?

"አፌ እሺ አይለኝም፣ መምህር።"

"እንግዲያው ሂጂ። ወደ ከምባታ ተሻገሪ። ዶዮገና።"

"ዶዮገናም ምራት አለ። ጆሮም አለ።"

ወጣች። ነገ የት እንደምትሆን አልነገረችኝም። አልጠየቅኩም።

ኅዳር 24

ኀሙስ። ሳህኑ ቀርቦ ነበር፣ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ። አልመጣችም። ሁላችንም በሩን እያየን ተቀመጥን። ማንም መጽሐፍ አላነበበም።

በመጨረሻ ጠና ቅጠሉን ገለጠና ራሱ በላው። ቀስ ብሎ። ጣቱን ጠረገ። "ጥሩ ነው" አለ። "ቅዳሜ ገበያ እንወጣለን፣ አንተና እኔ።"

"ምን ልንሠራ?"

"አንተ ቃል ሰብሳቢ ነህ። ስትጠይቃቸው ሴቶቹ አይፈሩም። እኔ ብጠይቅ..." ትከሻውን ሰበቀ። "የትኛዋ ምን እንደማትል አንተ አውጣ። የማን ምራት እንደሆነች እኔ አውቃለሁ።"

ሰብሳቢው እሱ ነው። እኔ መሰብሰቢያ።

ጵርስቅላ ከአዳራሹ ስንወጣ ከጎኔ ሆና፣ ሳታየኝ፣ "የት እንዳለች አይጠይቁኝ" አለች።

"አንቺ ታውቂያለሽ?"

"አይጠይቁኝ አልኩ እኮ፣ ጋሼ። እርስዎ ባያውቁ ይሻላል።"

ኅዳር 25

የነገውን ገበያ ለጵርስቅላ ነገርኳት። ጠና ምን እንደሚፈልግ ሁሉ። "ሰማሁ" አለች። ቀኑ ሳያልቅ ታይፑን ከድና ወጣች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ይህን መጻፍ ማቆም አለብኝ። ስም እየጻፍኩ ነው። አላቆምም... ካላቆምኩ የምን ፍርሃት ነው?

ኅዳር 26

ገበያ። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ጠና ከኋላዬ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን፣ ቅቤ እንደሚገዛ ሰው።

የመጀመሪያዋ አባይነሽ ናት፣ ጠና ከልጅነቱ የሚያውቃት ቆጮ ሻጭ። "የሷ አማት ሎምቤ ናቸው" ብሎኛል በጆሮዬ። "ዋ ማለት አይቸግራትም። ከሷ ጀምር፣ ሌሎቹ እንዳይደነግጡ።"

ጠየቅኳት። ቆጮውን እያሳየሁ። "እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?"

"የሚጋገረው" አለች።

ጠና ቅቤ ማሽተቱን ተወ።

ቀጥሎ ያለችውን ጠየቅኩ። "የሚጋገረው።" ቀጥሎ ያለችውን። "የሚጋገረው፣ መምህር፣ አይተውት አያውቁም?" ከዚያ አንዲት ጉብል፣ ወይንሸት የሚሏት፣ ፀጉሯ ገና የልጃገረድ።

ጠና ራሱ ገባ። "አግብተሻል?"

"ኧረ ጋሼ! ማን ይወስደኛል?"

"ይሄስ ምን ይባላል?"

"የሚጋገረው።"

ተራው በሙሉ ሳቀ።

"ይህች ከተማ ማን ትባላለች?" አለ፤ ድምፁ ከፍ ብሏል።

"የሚገበይበት!" ብዙ ሆነው ነው የመለሱለት።

ትርፌ የምትባል አሮጊት፣ ጥርስ የሌላት፣ በበትሯ ጫማውን ነካ አደረገች። "ልጄ፣ ስሙ ጠፍቶብህ ነው? እናትህ ያሳደገችህ በሚጋገረው ነው።"

ጠና ፈገግ አለ መጀመሪያ። "ይሄ ሁሉ ገበያ የአንድ ሽማግሌ ምራት ሆኖ አደረ?" አለኝ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ፊቴን መያዝ አልቻልኩም።  ሁሉም ከተዉት ማን ለይቶ ያውቃታል!

ከዚያ ቡላ ሻጮቹ ዘንድ አንዲት ጀርባዋን የሰጠች ሴት አየሁ። ትከሻዋን... ዓይኔን ቶሎ ነቀልኩ። ቶሎ መንቀሌን ጠና አይቶ ይሆን? እሷ ናት? አላውቅም። እሷ ባትሆን እንኳ ዓይኔ አንዴ ሄዷል።

ጠና ግን ሴቶቹን ማየት ትቶ ነበር። እኔን ነው የሚያየው።

"ማን ነገራቸው?" አለ።

ኅዳር 27

እሑድ። ቤት ዋልኩ።

ጠና ነገ ሊጠራን ነው፣ እኔንና ጵርስቅላን። እዚያ ክፍል ከእኛ ሌላ የሚሠራ የለም። ጵርስቅላ ገነቴ የት እንዳለች ታውቃለች። እኔ አላውቅም። የማያውቅ ሰው ቢመቱትም የሚያወጣው የለውም። ስለዚህ መግባት ያለብኝ እኔ ነኝ። "የነገርኳቸው እኔ ነኝ" እላለሁ፤ ነገሩ እኔ ላይ ይቆማል፤ እሷ ወደ ታይፑ ትመለሳለች።

ደጋግሜ አየሁት። የላላ ቦታ አጣሁበት። ምሳ በላሁ።

ኅዳር 28

ጵርስቅላን ከጠና ክፍል ውጭ፣ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ሳልደርስ እኔን ጠሩ።

ገና ሳይጠይቀኝ "ሴቶቹን የነገርኳቸው እኔ ነኝ" አልኩ።

ጠና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። "አንተ?"

"እኔ።"

"ምን ብለህ?"

"ባሊሻውን... ሁሉም ዋን እንዲተዉ።"

ሰውዬው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። እንዳዘነልኝ ሁሉ አገጩን በእጁ ያዘ።

"ጓድ መምህር። በዚያ ኀሙስ አዳራሽ መሃል ቆመህ ባሊሻ ምንድነው ብለህ ጠየቅህ። ሰው ሁሉ ሳቀብህ። እኔ ፊትህን እያየሁ ነበር። አታውቅም ነበር፣ በእውነት አታውቅም ነበር።" ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። "ዛሬ ታውቃለህ። ማን አስተማረህ?"

 ያንን ሁሉ አስቤ ይህን አላሰብኩም። እሑድ ሙሉ አየሁት እኮ... እጄን የት ላድርገው? ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፣ አወጣሁት።

"ከአንተ ጋር እዚያ ክፍል ማን ይሠራል?" አለ። መልስ አልጠበቀም። "ውጣ። እሷን ላካት።"

ወጣሁ። ግድግዳው ሳንቃ ነው፤ ሁሉን ሰምታለች። ቆማ ነበር። 

"ታይፑን ሸፍኑልኝ፣ ጋሼ" አለች። "አቧራ ይገባዋል።"

በአጠገቤ አለፈች። ገባች። በሩን ከውስጥ ራሷ ዘጋችው።